ሁለት ኪሎባይት

ሦስት ቀን ዘነበ፤ ቅጥራኑ አልደርቅ አለ፤
ጀልባዋ በሸራ ተሸፍና፣ ሥራው እንደተንጠለጠለ፣
እጄን በነጭ ጋዝ ጠርጌ ገባሁ ወደ ጓዳ፣
ስልክሽን ልገለብጥ፣ ኦርፌሊያ፣ ያንን የቆየ ዕዳ።
ባትሪው አብጧል፤ መስታወቱን ከውስጥ ይገፋል፤
ዛሬ ካልገለበጥኩት ነገ ሁሉም ይጠፋል።

ገመዱን ሰካሁ።
ስልክሽ «ይህን ኮምፒዩተር ልመነው?» ሲል ጠየቀ፤
አባትሽም ስለ እኔ እንዲሁ ብሎ ነበር፣ ዓይኔን እያየ፣ እየሳቀ።
«እመን» የሚለውን ነካሁት።

መጡ ከዚያ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ዳልካዌ የምሽት ጀልባ፤
ፎቶ በገባ ቁጥር ግን ሌላ ነገር አብሮት ገባ፤
ነጭ ወረቀት መሳይ፣ መልክም ድምፅም የሌለው፣
ስሙ እንደ ፎቶው ስም፣ ጅራቱ ብቻ ሌላ የሆነው።
ኤ-ኤ-ኢ ይላል ጅራቱ፣ የበግ ጩኸት ነው ሲያነቡት፤
«በምን ልክፈተው?» ይላል ማሽኑ፣ ሁለት ጊዜ ሲነኩት።
እኔ የማውቀው ሳንቃ ነው፤ የማውቀው ሚስማር ነው፤
ሳይጠሩት ከእንጨት የሚገኝ፣ በእኔ ሙያ ነቀዝ ነው።
ቆጠርኳቸው፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፤
አንዱም አይበልጥ ከሁለት ኪሎባይት።

ፎቶዎቹስ! ምን ነካቸው?
ስልክሽ ላይ ፀሐይ የነበረው እዚህ ጉም ነው፤
ቢጫው ቤታችን ግራጫ፣ ፊትሽ ላይ የክረምት ጥላ፣
በየጥጉም አንድ ሮዝ ነገር፣ የደበዘዘ ገላ።
«ነቀዙ በላቸው» አልኩ። ላጠፋቸው ጣቴን አነሳሁ።

የጎረቤት ልጅ ናያዴት፣ እርጥብ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣
«አታጥፋ ዶን ኤሊሴዮ፣ ቆይ፣ ምን እንደሆነ ልወቅ።»
በተራ ጽሑፍ መክፈቻ ከፈተችው፤ ቀን አለው፤
ቀሪው የፊደልና የቁጥር ጫካ ነው፣ ለእሷም የማይገባው።
«ፎቶ አይደለም» አለች፣ «ፎቶው ላይ የተሠራውን የሚይዝ ማስታወሻ፤
ከቀኝ ይህን ያህል ቁረጥ፣ ጥላውን ግፈፍ፣ ሙቀት ጨምር፣ የሚል ማስታወሻ።
ስልኩ ዋናውን አይነካም፤ ያስቀምጠዋል እንዳለ፤
ይህን እያነበበ ያሳምረዋል፤ ኮምፒዩተርህ ግን ማንበብ አልቻለ።»

ቆረጠች? ምኑን ቆረጠች?
መነጽሬን አጠለቅሁ።
ያ ሮዝ ነገር ጥፍር አለው፤ ጥቁር ጥፍር፣ በመዶሻ የተመታ።
የእኔ አውራ ጣት ነው!
በአንኩድ ገበያ፣ በእህትሽ ልጅ ክርስትና፣ በባሕሩ ዳር ማታ፤
ዘጠኙ የድመቷ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣
ከጎንሽ አውራ ጣቴ እንዳልተጠራ ዘመድ ተገትሮ ነበር።

አልነገርሽኝም።
ስልኩን ትቀበዪኛለሽ፣ «ጥሩ ነው» ትያለሽ፣ ታልፊያለሽ፤
ማታ እኔ ሳንኮራፋ፣ በዚያች ጭላንጭል፣ ከትራስሽ ላይ፣
ትቆርጪኛለሽ፤ ፀሐይም ትጨምሪያለሽ በደሴታችን ሰማይ።
በማግስቱ ደግሞ ስልኩን መልሰሽ ለእኔው፣ «አንሳኝ» ብለሽ።
ሦስት መቶ ሦስት ጊዜ ጣቴን ቆርጠሽ፣
አንድ ቀን እንኳ ተስፋ አልቆረጥሽ።

«ያማሩትን በሌላ መንገድ ላምጣልህ?» አለች ናያዴት።
«አምጫቸው፤ እነዚህንም ተያቸው፣ ከነጣት።
ማስታወሻዎቹም ይቀመጡ፣ ማንም ባይከፍታቸው፤
ሁለት ሁለት ኪሎባይት ዝምታ ናቸው።»
አቃፊ ከፍታ «ስም ስጠው» አለችኝ፤
«ኤ-ኤ-ኢ» አልኩ እንደ በግ፤ ሳቀችብኝ።

ዝናቡ አላባራም። አውራ ጣቴ ላይ ቅጥራን ቀርቷል፤
ልጠርገው አልኩና ተውኩት፤ ያለ አንቺ ማን ይቆርጠዋል።